የቅዳሜ ርክክብ

የዛሬን አያድርገውና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወንበር ለማግኘት ዘመድ ያስፈልግ ነበር። ሰው ምሳውን እንደነገሩ ቀማምሶ፣ አፉን እየጠረገ ይሮጣል። ለምን ቢሉ፣ ስለ ዓለም ሰላም ለመወያየት! እንግዲህ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። የቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ የሚከርም ሰውዬ እዚያ ቆሞ የኑክሌር መሣሪያ ስምምነቱ የቱ ጋ እንደሚያፈስ ያስረዳል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የጸጥታውን ምክር ቤት ቋሚ አባላት፣ ተስተካክለው ሳይከፍሉ የሄዱበት ይመስል ይወርድባቸዋል። ዛሬ ይህን ሲሰሙ የሚስቁብን ልጆች ስልካቸው ላይ በሁለት መስመር ተሰዳድበው ተከራከርን የሚሉ ናቸውና ተዉአቸው።

ክፍሉ ራሱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ፎቅ ላይ አንባቢ ወንበር በሳበ ቁጥር ከታች ያለው ተናጋሪ ቃሉን ይደግማል። ግድግዳው ላይ ጥግ ጥጉ በፕላስተር የተያዘ የዓለም ካርታ አለ፤ አንድ ውቅያኖስ ላይ ሻይ ፈሶበት ደሴት የሚመስል ነገር ሠርቷል። ከበሩ አጠገብ ፔርሙዝና የማይመሳሰሉ ብርጭቆዎች ይደረደራሉ። ወንበር ያልደረሰው መስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ መስኮት ያልደረሰው ቆሞ ይሰማል። ቆሞ የሰማ ሰው ደግሞ ከተቀመጠው ይበልጥ ይጮሃል፣ እግሩ ስለሚያመው መሰለኝ።

የዚያ ክፍል ጌጦች ጄኔራሉና ዲፕሎማቱ ነበሩ። ጄኔራሉ ጄኔራል አይደለም፤ ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም። የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሠራተኛ ነው። ግን ጦር ወደዚህ ይግባ፣ ጦር ከዚያ ይውጣ በተባለ ቁጥር፣ «ቆይ፣ ስንት መኪና አላቸው? ነዳጁ በየት ይመጣል? ሹፌሩስ መቼ ይተኛል?» ብሎ ስለሚነሳ ስሙን አወጡለት። ዲፕሎማቱም የጂኦግራፊ መምህር ነው። ፓስፖርት የለውም፤ የዓለምን ድንበር ግን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይቀየም፣ እያንዳንዱን ቃል መርጦ ይናገራል። ይሄ ጨዋነቱ ጄኔራሉን እንዴት እንደሚያንጨረጭረው!

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ተናጋሪ ሲንተባተብ «ግፋ፣ ግፋ፣ መጥቷል!» ይሉታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የቤቱን ደንብም ከሆስፒታል ያመጡት እሳቸው ናቸው። እዚያ ተረኛ ሲቀያየር፣ ገቢዋ ተረኛ የወጪዋን ቃል ራሷ ደግማ ሳትናገር ወጪዋ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ አንዲት ቃል ከጎደለች እናት ትሞታለች። ርክክብ ይሉታል። እዚህም እንደዚያው ሆነ። መልስ መስጠት የፈለገ ሰው አስቀድሞ የተቃዋሚውን ንግግር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በራሱ አፍ ተናግሮ ያስረክባል። የንግግሩ ባለቤት «ተረክቤያለሁ» ካላለ መልስ ብሎ ነገር የለም። ንግግሩ ያልተመለሰለት ሰው ደግሞ ያ ጉዳይ እስኪዘጋ ሌላ ጉዳይ አያነሳም። ይቺ የመጨረሻዋ ግን ሥራ ላይ ውላ አታውቅም፤ ሳያስረክብ የወጣ ሰው አልነበረማ።

ጄኔራሉና ዲፕሎማቱ በርክክብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሰዉ የሚመጣው ለዚያ ነው ማለት ይቻላል። ጄኔራሉ የዲፕሎማቱን ሐሳብ ሲያስረክብ ከባለቤቱ በላይ አሳምሮት ቁጭ ይላል፤ ዲፕሎማቱ ራሱ «እንዲህ ነው እንዴ ያልኩት? ጎበዝ ነኛ!» ይላል። ከዚያ ሜዳ ላይ ይደፋዋል። ስብሰባው ሲያበቃ ክርክሩ ወደ መንገድ ይወጣል። ጄኔራሉ ዲፕሎማቱን እስከ በሩ ይሸኘዋል፤ ነገሩ ስላላለቀ ዲፕሎማቱ መልሶ ጄኔራሉን እስከ በሩ ይሸኘዋል፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና። የጄኔራሉ ባለቤት በረንዳ ላይ ወጥታ «የመካከለኛውን ምሥራቅ ነገር ነገ ጨርሱት፣ ራት ቀዝቅዟል!» ብላ እስክትጮህ ድረስ ነው። ወይ ጊዜ!

የጄኔራሉ ታናሽ ወንድም ከእነዚያ ከሚጋፉት አንዱ ነበር። በያጅ ነው፤ ከሥራው ቀጥታ ቱታውን እንደለበሰ ይመጣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ብዙ አይናገርም፤ ያምናል እንጂ። ሌላው ሰው ቅዳሜን ሊያሳልፍ ሲመጣ እሱ የሚባለውን ከልቡ ይሰማ ነበር። ሰላም የሚያስከብር ሰው ያስፈልጋል ሲባል ሰማ፤ ሄዶ ተመዘገበ። ሠልጥኖ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ሊሰናበት የመጣ ቀን ቤቱ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ዲፕሎማቱ ካርታው ላይ የሚሄድበትን አገር በጣቱ አሳየው። ከዚያ አገር አስከሬኑ መጣ። በሐዘኑ ጊዜ ከጄኔራሉ ጎን ያልተለየ፣ ውኃ ያቀረበለት፣ ሲተኛ ጫማውን ያወለቀለት ያው ዲፕሎማቱ ነው።

ጠቡ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ እትዬ የሰላም አስከባሪ ጦር ኃላፊነት የሚል ርእስ አወጡ። ወንድምየው በተላከበት አገር ስንት ሰው በጦሩ ዐይን ሥር ማለቁ በየሬዲዮው የሚወራበት ሰሞን ነበር፤ ርእሱን መሸሽ አልተቻለም። ዲፕሎማቱ ተነሣ። እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦

«ሰላም ሊያስከብር የሄደ ጦር ሰው ሲገደል ቆሞ ካየ ሰላም አላስከበረም፤ ቆሞ አየ እንጂ። ቁም ብሎ ያዘዘውም ይጠየቃል፣ ታዞ የቆመውም ይጠየቃል። እዚያው የሞቱት ቢሆኑም፣ መሞታቸው ከጥያቄው አያወጣቸውም።»

ቤቱ ክው አለ። ጄኔራሉ ደሙ ፊቱ ላይ ወጥቶ ተነሣ። አንዱ ከመስኮቱ ደፍ፣ በልማድ፣ «አስረክብ!» አለ።

«ለማን ነው የማስረክበው?» ብሎ ጮኸ ጄኔራሉ። «ወንድሜን ፈሪ ብሎ ለሚሰድበው? ባፍንጫዬ ይውጣ!» ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሩን ሲወረውረው ፔርሙዙ ወደቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ቤት ዝር አላለም።

ዓመታት አለፉ። መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ወደ ማዶ ይሻገራል። ጄኔራሉ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም የማይወደውን የሥራ ተራ እየለመነ ይገባ ጀመር፤ ቤት ከተቀመጠ እግሩ ራሱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይወስደዋላ። እስቲ ይህን ማን ያምናል፣ ሬዲዮው የሆነ ቦታ ተኩስ አቁም ተፈረመ ባለ ቁጥር፣ «ሰማኸው? አይቆይም!» ሊል ወደ ግራው ይዞር ነበር። ግራው ላይ የአውቶቡስ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ሰሌዳ ነው ያለው። ናፍቆት ይሉታል ይሄንን፤ ሌላ ስም የለውም። ግን ንክች! ሰውየው ያለ እኔ ቤቱን ለብቻው ይዞ፣ እንደ ልቡ እየተናገረ፣ እየተጨበጨበለት ይኖራል ብሎ ያስብና እንደገና ይነድዳል።

አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ የስምሪት ክፍሏ መስኮት ተንኳኳች። ጄኔራሉ የሬዲዮ መነጋገሪያውን እንደያዘ ቀና ቢል እትዬ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል።

«እትዬ! ምን እግር ጣለዎት?»

«አንተ ነህ እንጂ የጠፋኸው፣ እኔማ ያለሁበት አለሁ። ስማኝ፣ ለወሬ አይደለም የመጣሁት። ዲፕሎማቱ ሊሄድ ነው፤ ልጁ ወዳለችበት ከተማ ጠቅልሎ። ዕቃው ተጭኗል። የፊታችን ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣል።»

«በሰላም ይግባ» አለ ጄኔራሉ፤ ዐይኑን ከሰሌዳው ላይ አላነሳም። «እኔ ታዲያ ምን ላድርገው? የሚለውን ሲል ኖሯል፣ አሁንም ይበል።»

«የሚለውን?» እትዬ ከዘራቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉት። «አንተ ልጅ፣ ሰውየው ከዚያን ቀን ወዲህ አፉን ከፍቶ አያውቅም እኮ!»

«እንዴት አልከፈተም?»

«ንግግሩን አላስረከብክለትማ! ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ይሄዳል። እኔ ራሴ ስንቴ፣ ተወው ይቺን ደንብ፣ ተናገር ብዬዋለሁ። ‹የለም እትዬ፣ ጉዳዬ አልተዘጋም› ይለኛል። ይኸው አንድ ቃል ሳይተነፍስ አርጅቶ ሊሄድልህ ነው።»

መነጋገሪያው «አሥራ አንድ ቁጥር ነኝ፣ ልውጣ ወይ?» እያለ ይንጫጫል። እትዬ ከዘራቸውን አንስተው ሲሄዱ ጄኔራሉ ደህና ይዋሉ እንኳ አላላቸውም። በዚያ ጠዋት የሆስፒታሉን መስመር አውቶቡስ ወደ ስታዲየም ላከው፤ ሹፌሩ ደጋግሞ ጠይቆት «የታዘዝከውን ሂድ!» ብሎ ጮኸበት። ተሳፋሪው ያወረደውን እርግማን እዚህ አንጽፈውም።

ያን ሁሉ ዘመን በሰውየው ላይ የተቆጣበት ግማሹ ነገር ሐሰት ኖሯል። ማንም አላጨበጨበለትም። አፉን ዘግቶ ሲጠብቅ ነበር የኖረው። ይሄ ጄኔራሉን ከስድብ ይበልጥ አመመው። ጓደኛውን ፈለገው። አርባ ጊዜ ቢክደው ያው ነው፣ ሰውየው ሳይሄድበት ሊያገኘው ፈለገ። ግን ሄዶ ምን ይላል? ማስረከብ ማለት ያንን ንግግር በገዛ አፉ መናገር ማለት ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባለቤቱ «ሸሚዝህን ልተኩስልህ?» አለችው።

«የት ልሄድ?»

«እኔ ምን አውቄ። የትም የማትሄድ ከሆነ ያንን ጫማ ለምን ትወለውለዋለህ? ሊያልቅ ነው እኮ።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «እንዴት አድርጌ ልናገረው፣ አንቺ? ወንድሜ ነው እኮ።»

ባለቤቱ ሸሚዙን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «ያን ቀን በንዴት ነው የወጣኸው። ምናልባት ሳይጨርስ ይሆናላ። እሱ ሰው የማስቀየም ልማድ የለው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያለዝብበት ነገር ይኖረው ይሆናል። ማን ያውቃል?»

ይቺ ቃል ጄኔራሉን ያዘችው። እውነትም! አቋርጦት እንደሆነስ? ያን ሁሉ ጊዜ ግማሽ ንግግር ተሸክሞ ኖሮ እንደሆነስ? ሸሚዙን ሳይተኮስ ነጥቆ ለበሰ። ባለቤቱም ለማየት ያህል ነው እያለች ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ተከተለችው።

ቤቱ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር፤ ካርታው አሁንም አለ፣ ፔርሙዙ ተቀይሯል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የማያውቃቸው ወጣቶች ተቀምጠዋል። ዲፕሎማቱ ፊት ለፊት ነው፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ጄኔራሉን ሲያይ ብድግ ሊል ቃጣውና ተወው።

«እንደምን አለህ?» አለ ጄኔራሉ።

ዲፕሎማቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መለሰለት። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። «የዛሬው ርእስ ይቆየን። ያልተዘጋ ጉዳይ አለብን» አሉ፤ ለወጣቶቹም ነገሩን ባጭሩ አስረዷቸው። «በል ተነሥ። አስረክብ።»

ጄኔራሉ ተነሣ። «ይሄ ሰው» አለ፣ «ሰላም ሊያስከብር የሄደው ጦር ሰው ሲገደል ቆሞ አየ፣ ወንድሜም ከነሱ ጋር የቆመ ፈሪ ነው ብሏል።»

እትዬ ወደ ዲፕሎማቱ ዞሩ። «በዚህ ጉዳይ መናገር ትችላለህ።»

«አልተረከብኩም» አለ ዲፕሎማቱ። ድምፁ ሳይሠራበት ከመቀመጥ ብዛት ሻክሯል። «ፈሪ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«እንደገና» አሉ እትዬ። «ግፋ።»

ማንም አልሳቀም። ጄኔራሉ ወንበሩን ጨበጠ። «ከመድገሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቀው። ያን ቀን አቋርጬህ ነው የወጣሁት። የቀረህ ነገር ነበር? ልትጨምረው ያሰብከው?» ልመናው ድምፁ ላይ ይሰማ ነበር።

ዲፕሎማቱ እጆቹን አየ። ፎቅ ላይ የሆነ ሰው ወንበር ሳበ።

«ቢኖረኝ ደስ ባለኝ» አለ። «እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ቀን ቢመጣ ነበረኝ ልበለው ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ግን አልነበረኝም። ጨርሼ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም የማስበው እሱኑ ነው።»

ጄኔራሉ በሩን አየው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንዲት ትንሽ ውሸት ብትጨመር እኮ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር! ተናደደ። እዚያው ቆሞ እየተናደደ ሳለ ግን ሌላ ነገር መጣበት። ይሄ ሰው አንዲት ቃል ቢቀጥፍ ሁለቱም ነፃ ይወጡ ነበር፤ ሳይቀጥፍ አረጀ። በዓለም ላይ ለጄኔራሉ የማይዋሸው ሰው ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይሄን ሰው ነው በሚመጣው ሳምንት የሚያጣው።

«እሺ» አለ። «ያለው ይሄ ነው። ሰላም ሊያስከብር የሄደ ጦር ሰው ሲገደል ቆሞ ካየ ሰላም አላስከበረም፤ ቆሞ አየ እንጂ። ያዘዘውም ይጠየቃል፣ ታዞ የቆመውም ይጠየቃል። እዚያ የሞቱትም…» እትዬ ግፋ ሊሉ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ተዉት። «እዚያ የሞቱትም፣ መሞታቸው ከጥያቄው አያወጣቸውም። ወንድሜም ጭምር። ይጎድለዋል?»

«የለም» አለ ዲፕሎማቱ፤ ዐይኑ ሞልቷል። «ተረክቤያለሁ።»

አሁን መልሱ የጄኔራሉ ነበር። መልስ ደግሞ ሞልቶታል። በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር ሲከራከር ያዘጋጀው ነው፤ መኪናው፣ ነዳጁ፣ መንገዱ፣ የተልዕኮው ወረቀት ምን እንደሚፈቅድ።

«የነበራቸው መኪና…» ብሎ ጀመረና አቆመ። «ተዉት። የመኪና ነገር አይደለም። ቆሞ አይቷል። እኔ አውቃለሁ ቆሞ እንዳየ፤ ደውሎ ነግሮኛል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለባለቤቴም እንኳ።»

ከኋላ የባለቤቱ ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

«‹ጋሼ› አለኝ። ‹ጋሼ፣ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ካምፓችን በር ላይ መጣች። በሩን አትክፈቱ ተብለናል። ጋሼ፣ አልከፈትንላትም› አለኝ። ሲያለቅስ መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሶ ሳይደውል ሞተ። አስከሬኑን ይዘው የመጡት ሰዎች በጀግንነት ነው የሞተው አሉኝ፤ ለሁሉም የሚሉት ነው። ከበሩ ውስጥ ሆኖ ይሁን በሩን ከፍቶ ወጥቶ የተመታው፣ የነገረኝ የለም። ከፍቶት ይሆን? ይሄንን ነው የማላውቀው። አንተ ይጠየቅ ስትል ሁልጊዜ እሱን የምጠይቀው እኔው ነኝ፣ መልስ ግን የለኝም። መልሴ ይሄው ነው።» ተቀመጠ።

ዲፕሎማቱ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ። ተራው የሱ ነው፤ የሰማውን ማስረከብ አለበት።

«ወንድሜ ጄኔራሉ ያለው ይሄ ነው» አለ። «ታናሽዬው ደወለለት። ጋሼ አለው። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ እንደመጣች፣ በሩን እንዳልከፈቱላት እያለቀሰ ነገረው። ከዚያ ሞተ። ሲሞት በሩን ከፍቶ ይሁን ሳይከፍት፣ ወንድሙ አያውቅም። ቢያውቅ ይወዳል።» እንባው አገጩ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገውም። «ይጎድለዋል?»

ጄኔራሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ወንድሙ ይጠራው የነበረበትን ‹ጋሼ›፣ ያ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው የመጀመሪያው ነው።

«አይጎድለውም» አለ ከእጆቹ ውስጥ። «ግን ገና አልተረከብኩም። እስቲ ድገምልኝ።»

ዲፕሎማቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ከ‹ጋሼ› ጀመረ።